ጉዳቱን ማን ይጽፋል?

የመኪና ዋጋ የማይቀመስ በሆነበት በዚህ ዘመን ወንድምና እህት፣ አማችና ጓደኛ ተዋጥተው አንድ መኪና ቢይዙ አይገርምም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መንከባከብ ግድ ሆኗል። እኛም ቤት አንዲት አሮጌ ኮሮላ ለሦስት ቤተሰብ ታገለግላለች። ሊብሬው በታላቅ ወንድሜ ስም ነው፤ ቁልፉ ግን ተራ በተራ ይዞራል።

ባሕር ዳር የነዳ ሰው ያውቀዋል። ዘንባባ የተሰለፈበት ሰፊው ጎዳናችን ሲያዩት ገራገር ይመስላል። ሲነዱበት ግን ባጃጁ ሳያስጠነቅቅ ይታጠፋል፣ ሳይክሉ በግራም በቀኝም ይመጣል፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ደግሞ አህያና ጋሪ ይጨመራል። ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይ ወዲያና ወዲህ ማለቱን አቅልሎልናል፤ የውስጥ መንገዱ ግርግር ግን አለ። ስለዚህ መኪናችን ትጫራለች። የኋላ በሯን ባጃጅ ልጦታል፤ የቀኝ ስፖኪዮዋ በፕላስተር ታስሮ ከርሟል፤ ፍሪሲዮኗም ከጊዜው በፊት ተበልቷል።

ያጣላን ግን ጭረቱ አይደለም። ማታ የሆነውን ጠዋት ቁልፍ የሚረከበው ሰው አለመስማቱ ነው። «እኔ ስረከባት እንዲህ ነበረች» የሚል ንግግር ቤታችን ገባ፤ ቡና ላይ እንኳ መተያየት ከበደን። መላውን ያመጣችው እህቴ ናት። ዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ ደብተር አስቀመጠች፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳ ነዳጅ፣ የደረሰ ጉዳት፣ ፊርማ። ደንቡ አጭር ነው። የጻፈ አይወቀስም፣ ወጪውን ሦስታችንም እንካፈላለን። የደበቀ ብቻውን ይከፍላል። ከዚያ ወዲህ መጫሯ አልቀረም፤ መወነጃጀሉ ግን ቀረ።

አገርም የጋራ ንብረት ናት። ፓርቲዎቻችን ግን ጉዳት የሚመዘግቡበት ደብተር የላቸውም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የክልላችንን ገዥ ፓርቲ ተመልከቱ። በ1973 ኢሕዴን ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1986 ብአዴን ተባለ፤ መስከረም 2011 እዚሁ ባሕር ዳር ባደረገው ጉባኤ አዴፓ ሆነ፤ በ2012 ወደ ብልጽግና ተዋሐደ። ስሙ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ዘመን ታውጆልናል። ማን፣ መቼ፣ ምን አጠፋ፣ የተጎዳውንስ ማን ይካስ የሚለው ተዘርዝሮ ሲቀርብ ግን አላየሁም።

ተቃዋሚውም ከዚህ አልዳነም። በአራት ፓርቲዎች የተዋቀረው ቅንጅት በ1997 ምርጫ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ሲያሸንፍ የነበረውን ተስፋ የደረሰበት ሰው አይረሳውም። ምክር ቤት እንግባ አንግባ ሲባል ተከፋፈሉ። መሪዎቹ በ1999 ከእስር ሲፈቱ ደግሞ የቀረው ሙግት ስሙ የማን ነው የሚል ሆነ። እስሩ የገዥው በደል ነበር፤ እርስ በርስ መጠላለፉ ግን የራሳቸው ነው።

በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበር በሙሉ ያዙ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ አገሩ በተቃውሞ ተናጠ፤ ነሐሴ 1 ቀን 2008 እዚሁ ከተማችን አደባባይ የወጡ ወጣቶች በጥይት ወደቁ። የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቂያ አስገቡ። ጥፋትን ፊት ለፊት የሚናገር አንድም ተቃዋሚ ያልነበረበት ምክር ቤት፣ የሕዝቡን ምሬት የሰማው ከአስፋልት ላይ ነው።

በርግጥ የተላጠ በር ላሜራ ሠሪ ያስተካክለዋል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። ስለዚህ «የጻፈ አይወቀስም» የሚለው የቤታችን ደንብ ለፖለቲካ እንዳለ አይሠራም። ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። የተበላሸ ውሳኔ፣ ተጀምሮ የቀረ መንገድ፣ እምቦጭ ጣናን ሲወርሰውና ገበሬው ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል የባከነው ጊዜ ግን በግልጽ ቢጻፍ ማንንም አይገድልም። እንዲያውም ተረካቢው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሁሉን ከሥሩ አፍርሶ የመጀመር አባዜያችንም የሚበርደው ያኔ ይመስለኛል።

እኛ መራጮችም ድርሻ አለን። የሚቀናቀነን ፓርቲ ጥፋት በቃላችን እንወጣዋለን፤ የደገፍነው ሲያጠፋ ግን «ጊዜው አይደለም» እንላለን። ለምርጫ ደጃችን የሚመጣን ዕጩ ሁሉ፣ ከገዥውም ይሁን ከተቃዋሚው፣ ስለሚሠራው ከመጠየቃችን በፊት «ድርጅትህ እስከ ዛሬ ምን አበላሸ? ለማስተካከልስ ምን ከፈለ?» እንበለው። በእውነት የሚመልስልን ካለ ቁጭ ብለን እናድምጠው። «ምንም አላጠፋንም» ለሚለን ግን፣ የቱንም ያህል ወገናችን ቢሆን፣ ድምፃችንን አንስጠው።