ቪዛው ላይ የተጻፈችው አንዲት ቃል

አንዲት አዲስ ነርስ ወደ ውጭ ልትሄድ ነው ሲባል ዘመድ አዝማድ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይከፍሏታል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን «ቪዛዋ ላይ ሙያዋ ምን ተብሎ ተጻፈ?» የሚለው ነው። ነርስ? ረዳት? ወይስ የቤት ሠራተኛ? የአራት ዓመት ትምህርቷ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህች አንዲት ቃል ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ትሄዳለች?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት ክፉኛ ያሠጋቸዋል ያላቸውን 55 አገሮች ዘርዝሯል። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ነርስ ያጠረው አገር ነው ማለት ነው። በዚሁ አገር ግን ተመርቀው፣ የሙያ ፈቃድ አውጥተው ቤት የተቀመጡ ነርሶች አሉ። ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱ ቀላል ነው። በሽተኛው ነርስ ያስፈልገዋል፤ ጤና ጣቢያው ግን የሚቀጥረው የደመወዝ በጀት ሲፈቀድለት ነው። በጀት ከሌለ መደቡ ክፍት ሆኖ ይከርማል። ያሉት ነርሶች የሁለት ሰው ሥራ ይሸከማሉ፤ አዲሷ ምሩቅ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ትውላለች።

የአንዲት የደሴ ልጅ መንገድ ነገሩን በደንብ ያሳያል። የመውጫ ፈተናውን አለፈች። የብቃት ምዘናውንም አለፈች። ፈቃዷን ይዛ ስምንት ወር ሥራ ፈለገች። ማስታወቂያው ሁሉ «2 ዓመት ልምድ» ይላል። «0 ዓመት» የሚል ብርቅ ሆኖ ሲወጣ ለሦስት ሰው ቦታ መቶዎች ይሰለፋሉ። አንድ የግል ክሊኒክ «ለስድስት ወር በነጻ ሥሪ፣ ከዚያ እናያለን» አላት። ሠራች። ስድስት ወሩ ሲሞላ ሌላ የ«0 ዓመት» ልጅ በነጻ ገባች፤ እሷ ወጣች። የልምድ ደብዳቤ ስትጠይቅ «ደመወዝ ላልተከፈለው ሰው ደብዳቤ አንጽፍም» ተባለች።

ሳዑዲ ዐረቢያ የታሰበችው ከዚያ በኋላ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው። ለሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ማመልከት፤ ዳታፍሎው በሚባለው አጣሪ በኩል ዲግሪውና ፈቃዱ እውነተኛ መሆናቸውን ማረጋገጥ፤ በተለምዶ ፕሮሜትሪክ የሚባለውን ፈተና በኮምፒውተር መውሰድ። በየደረጃው ክፍያ አለ፤ ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ። እናቷ ዕቁብ ሲደርሳቸው ለዚሁ ብለው ያስቀመጡት ገንዘብ ሳይነካ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አጣሪው ለተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ላከ። መልስ የለም። ሬጅስትራር ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ «ኢሜይሉን የሚከፍተው ሰው ፈቃድ ላይ ነው» ተባለች። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳ አለ። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራውን ለማግኘት ዲግሪው ያስፈልጋል።

ደላላው የሚመጣው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። «ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርግልሻል? በቤት ሠራተኛ ቪዛ ግቢ። እዚያ ከደረስሽ ነርስ እንደሆንሽ ሲያዩ ይሻሙብሻል፣ ወደ ሆስፒታል ትቀየሪያለሽ።» ፈተና የለም፣ ኢሜይል መጠበቅ የለም፣ በወራት ውስጥ አውሮፕላን ላይ ናት። ስምንት ወር ቤት ለተቀመጠች ልጅ ይህ ትንሽ ፈተና አይደለም።

መርዙ ያለው «ትቀየሪያለሽ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለችው ማሻሻያ የውጭ ሠራተኛ በተወሰነ ሁኔታ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ይፈቅዳል። የቤት ሠራተኞች ግን ከማሻሻያው ውጭ ተደርገዋል። ነርስ ተብላ የገባችው በሩ በመጠኑም ቢሆን ተከፍቶላታል፤ የቤት ሠራተኛ ተብላ የገባችው ግን አሠሪው ካልለቀቃት መንቀሳቀሻዋ እጅግ ጠባብ ነው። ኢቃማዋ ላይ ከተጻፈው ሙያ ውጭ ስትሠራ ብትገኝ ደግሞ ጥፋተኛዋ እሷ ናት።

የቤት ሥራ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ስንት ቤተሰብ ያቆመ ነው። ለነርሷ ግን የተለየ ዋጋ ያስከፍላል። እጇ መርፌ ይረሳል። አገር ቤት ያለው የሙያ ፈቃድ በየጊዜው ካልታደሰ ያልፍበታል። ሁለት ዓመት ለፍታ ስትመለስ የሙያ ልምዷ አሁንም «0 ዓመት» ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

የደሴዋ ልጅ ደላላውን አልተከተለችም። አብራት የተመረቀች ጓደኛዋ ግን ሄደች፤ ዛሬም ሰው ቤት ናት። እሷ ኮምቦልቻ ውስጥ በትንሽ ደመወዝ ተቀጥራ ሁለት ዓመት ሠራች፣ ዕዳዋን ከፈለች፣ ወረቀቷን ጨረሰች፣ ነርስ ተብላ ሄደች። ብቻዋን። የሥራ ውሉ የሚለውን የሚያስረዳት ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ደመወዝ ከውሉ ጎድሎ ሲመጣ ለማን እንደምትናገር አላወቀችም። አብረዋት የሚሠሩት የፊሊፒንስና የኬረላ ነርሶች ግን ያውቁ ነበር። እነሱ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው የሚደውሉበት ቁጥር አላቸው።

ልዩነቱ የዕድል አይደለም፤ ተሠርቶ የመጣ ነው። ፊሊፒንስ ዜጎቿን ወደ ውጭ አገር ሥራ የምትልክበትን ሥርዓት በሕግ የመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ላይ ደግሞ ራሱን የቻለ የስደተኛ ሠራተኞች መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። የሕንዷ ኬረላ ክልል ነርሶችን የሚመለምሉና የሚልኩ የመንግሥት ድርጅቶች አሏት። ጀርመን ከፊሊፒንስ ነርሶችን የምትወስደው እ.ኤ.አ. በ2013 በመንግሥታት መካከል በተፈረመ ስምምነት ጭምር ነው። ቋንቋውን የምትማረው ከመሄዷ በፊት፣ የሚጠብቃትን ሆስፒታል እያወቀች ነው።

ኢትዮጵያም ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትንና የመድን ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን ያዝዛል። ሕጉ በአመዛኙ የተሞከረው ግን በቤት ሠራተኞች ስምሪት ነው። ፈቃድ ያላት ነርስ መንገዷን የምትፈልገው ከቴሌግራም ቻናልና «ቀድማ ከሄደች ልጅ» ነው።

«ነርሶችን እንዲሄዱ ከረዳናቸው እዚህ ማን ያክማል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ቤት የተቀመጠች ነርስ ማንንም አታክምም። እንድትቀር የሚፈልግ መደብ ይክፈትላት፤ ስድስት ወር በነጻ ያሠራት የልምድ ደብዳቤ ይጻፍላት። መደብ ከሌለ ደግሞ ቢያንስ ሙያዋን ይዛ ትሂድ። ሙያዋን ይዛ የሄደች ልምድ ይዛ ልትመለስ ትችላለች፤ ሙያዋን ጥላ የሄደችው ለዚህም ለዚያም አገር ጠፍታለች።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር የማጣሪያ ኢሜይል በሳምንት ውስጥ ይመልስ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ለነርሶች የተለየ የስምሪት መስመር ይክፈት። ኤምባሲዎች ደመወዝ ሲጎድል የሚነሳ ስልክ ይኑራቸው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ልጃቸውን የሚሸኙ ወላጆች አንድ ነገር ያድርጉ። ትኬት ሳይቆረጥ ቪዛውን አረብኛ በሚያነብ፣ ከደላላው ጋር በማይተዋወቅ ሰው ያስነብቡት። ነርስ የሚል ከሌለበት ጉዞው ይቆይ። ደመወዙ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል።