ምነው ቆቦ ላይ ባደሩ

እመት ሩት ፕላንት፣ የእንግሊዟ አርክቴክት፣ ምነው አንድ ሌሊት ቆቦ ላይ ባደሩ! ከደሴ ወደ ትግራይ የሚያወጣው መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ የላስታ ጋራ፣ መሐሉ የማሽላ ሜዳ። የእርስዎ ልብ ግን ገደል ለገደል ነበር።

አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1966 እ.ኤ.አ. ከዓለት የተፈለፈሉ 123 የትግራይ አብያተ ክርስቲያናትን ዘርዝረው ሲያሰሙ፣ እርስዎ ሜትርና እርሳስ ይዘው ተነሡ። ዓምዱን ለኩ፣ ቅስቱን ነደፉ። በ1970 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ አወጡት፤ በ1973 ደግሞ አዲስ የታወቁ 17 ጨመሩበት። የጥንቱ ጠራቢ ዓለቱን ሲፈለፍል፣ ድንጋዩ ምንም ሳያስፈልገው፣ የእንጨት ወጋግራና የእንጨት መስኮት አስመስሎ አወጣው። ድንጋይ እንጨትን ሲናፍቅ እንዲህ ነው!

የተናፈቀው ግንብ በደብረ ዳሞ ገዳም ቆሟል፦ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት፣ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያለው ድብልብል የእንጨት ጫፍ፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚሉት። የአገርዎ ሰው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ በ1948 ወጥቶ አደሰው። እርስዎ ግን ሴት ነዎት፤ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የሚያወጣው ጠፍር ሴት አይስብም። ወንዶች ለክተው ያወረዱትን ንድፍ ከማየት በቀር ምን ቀረዎት? ይህ ነው ሆዴን የሚበላኝ።

እኔም ሴት ነኝ፣ የቆቦ። የእኛ በር አይከለክልዎትም ነበር። ምሰሶውን ወንዶች ቢያቆሙም፣ ጭቃውን ከጭድ ያቦካችው፣ ግድግዳውን መርጋ በመዳፏ ያለሰለሰችው እናቴ ናት። ከምድጃው በላይ የአምስት ጣቷ መስመር ደርቆ ይታይ ነበር፤ አውራ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ።

የትግራይን ኪነ ሕንፃ የያዘው መጽሐፍዎ በ1985 እ.ኤ.አ. ታተመ። እኛ ያን ዘመን ሰባ ሰባት እንለዋለን። የእኛው የራያ ሰው በረሃቡ ጎጆውን ጥሎ ወደ ኮረም ሲጎርፍ፣ ስንቱ ግድግዳ ጌታውን እንደናፈቀ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የተረፈውንም ቆርቆሮ ወረሰው፤ ጦርነትም ተመላልሶ መጣበት።

ምነው ባደሩ! እናቴ ቡና አፍልታ፣ የቤቷን መሠረት መሬት ላይ በእንጨት ታሰምርልዎት ነበር፤ እርስዎም ያለ ገመድ ገብተው ግድግዳውን በእጅዎ ይዳብሱት ነበር። አሁን ልጆቼ «የእማማ ቤት ምን ይመስል ነበር?» ይሉኛል። ደብረ ዳሞ ንድፍ አለው፤ ከዓለት የተፈለፈለው አብርሃ ወአጽብሓም ንድፍ አለው፤ ለእናቴ ቤት የምዘረጋላቸው ወረቀት የለኝም።