ዋጋው ስንት ነው? ውስጡስ?

ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ የቧንቧ ሠራተኛ የነገረህ የሥራውን ዋጋ አይደለም፤ ሥራው እንዳያመልጠው ያሰበውን ቁጥር ነው። ሶፍትዌር ስለምሠራ አውቀዋለሁ። "አንድ አፕ በስንት ትሠራልኛለህ?" ብሎ የሚደውል ደንበኛም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው።

እናቴ ቤት የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ረጠበ፤ የውሃ ሂሳቡም ጨመረ። የሚከፈለው ከጡረታዋ ነው፤ እኔ ልክፈል ብላት አትሰማኝም። አንዱ በስልክ 4,000 ብር አለ። ሁለተኛው መጥቶ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገና "ሙሉው ይፈርሳል፣ 18,000" አለ። ሦስተኛው ግን ዋጋ ሳይጠራ ቧንቧዎቹን ሁሉ አስዘግቶ ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደ። መርፌዋ ትዞራለች። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ዘጋ፤ ቆመች። የሚያፈሰው የሙቅ ውሃው መስመር ነው ማለት ነው። (ይሄ እኮ የኛው ዲበጊንግ ነው!)

ከዚያ ዋጋውን ወረቀት ላይ ጻፈልን፦ የእጅ ለብቻ፣ ዕቃ ለብቻ፣ በድምሩ 7,500፤ ሴራሚኩን መልሶ መለጠፍ አይጨምርም። "ውስጡ የድሮ ብረት ከሆነ ግን መስመሩ በሙሉ ይቀየራል፣ 3,000 ትጨምራላችሁ" አለ፣ ገና መዶሻ ሳያነሳ።

እማዬ "ያኛው በ4,000 እያለ!" ብላ አኮረፈች። ለእኔ ግን ከሦስቱ ዋጋ የሚባለው ይሄ ብቻ ነበር፤ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ ነግሮናላ።

ግድግዳው ሲከፈት ብረት ነው፤ ዝገት በልቶታል። እማዬ ከቦርሳዋ 3,000 ብር ቆጥራ ሰጠችውና "ብለህ ነበር" አለችው።