ስም ያልተጻፈበት ቀዳዳ

ሥራ የተረከበ የመረብ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን የሚቆመው ከፓች ፓነል ፊት ነው። ከየክፍሉ ግድግዳ የመጡት ኬብሎች ከፓነሉ ጀርባ በቋሚነት ታስረዋል፤ ከፊት ያሉት፣ ብዙ ጊዜ 24 ወይም 48 የሆኑት ቀዳዳዎች በአጫጭር ገመዶች ከስዊች ጋር ይገናኛሉ። ለውጥ ሲያስፈልግ አጭሩ ገመድ ብቻ ይነቀላል፤ የግድግዳው ኬብል አይነካም።

ሐሳቡ የመነጨው ከጥንቱ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ነው። የሁለት ሰዎችን ድምፅ ያገናኝ የነበረው 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሰኪያ ዛሬም በጊታርና በድምፅ ስቱዲዮ ያገለግላል። በስቱዲዮ ሰሌዳ ገመድ ባይሰካም ድምፁ አስቀድሞ በተወሰነለት መንገድ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ገመዱ የሚሰካው መንገዱን ለማስቀየር ነው። በፋይበር ሰሌዳ የሚሻገረው ብርሃን ስለሆነ በዓይን የማይታይ አቧራ እንኳ መስመሩን ሊያውክ ይችላል።

በሦስቱም ዘንድ ትልቁ ስጋት የመዝገብ መጓደል ነው። በሆስፒታል ውስጥ ምልክት የሌለው ቀዳዳ የሒሳብ ክፍል ኮምፒዩተር መስመር ይሁን የሕሙማን መከታተያ፣ በዓይን አይለይም። የቀድሞው ባለሙያ ሁሉን በቃሉ ይዞ ከነበረ፣ ተተኪው እያንዳንዱን መስመር በመፈተሻ መሣሪያ ዳግም ለመፈለግ ይገደዳል፤ ተቻኩሎ ቢነቅል ደግሞ ስሕተቱን የሚነግረው ከሌላ ፎቅ የሚመጣ ጩኸት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የኬብሉን ሁለት ጫፎች በአንድ ቁጥር ይሰይማል፤ ለውጡንም በዕለቱ ይመዘግባል። ይህን የሚያደርገው እርሱ በሌለበት ለሚመጣው ሰው ነው።