ተቀበል! ዛሬ ልደት ነው

እስቲ ቡናው እስኪፈላ እንጫወት። በቅርቡ የሄዳችሁበትን ልደት አስታውሱት። ሳሎኑ በፊኛ ተሞልቷል፤ ጥግ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ስፒከር ተገትሯል፤ እንግዳው ጎን ለጎን ተቀምጦ «ምን አልሽ?» «ኧ?» ይባባላል። ባለልደቱ ማን እንደሆነ የሚያስታውስ አንድ ነገር ቢኖር ቶርታው ላይ የታተመው ፎቶው ነው። እሱም ተቆርሶ ተበላ።

ድግስ አልጠላም፤ ጠቤ ከስፒከሩ ጋር ነው። ስፒከሩ ስለ ባለልደቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለሠርግም ለምርቃትም ያንኑ ይጮኻል። ስለዚህ ልደት ልደግስ ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጥራ እለዋለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ክር፣ መብራት ቢጠፋም የማይቋረጥ።

አዝማሪ ሲጠራ ታዲያ ሥራው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ባለልደቷ ማን ትባላለች፣ የማን ልጅ ናት፣ ምን ትወዳለች፣ በምን ትታማለች፤ ይህን ሁሉ ቀድማችሁ ሹክ በሉት። ከሁሉ በላይ የማይነካውን ንገሩት። ባለፈው ዓመት የተፋታው አጎት እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሳለ አዝማሪው ስለ ትዳር ቢያነሳ፣ ጥፋቱ የደጋሹ ነው። ዋጋውንም አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ሽልማት ከዚያ ውጭ ነው። ግንባሩ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር ብር ለእንግዳው የሚያዘጋጅ ደጋሽ እስካሁን አላየሁም፤ ቢኖር ግን ብልህ ነው።

ዋናው ደስታ ያለው «ተቀበል!» ላይ ነው። እንግዳ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪ ተቀብሎ ያዜማል። መጀመሪያ ሁሉም ያፍራል። አንዲት አክስት ግን መነሳቷ አይቀርም፤ እንዲህ ትላለች እንበል፦

ሻማው በዝቶ በዝቶ ኬኩ ሲሞላባት፣
ግማሹን ነቀለች ዕድሜ እንዲቀልላት።

ከዚያ በኋላ የሚያስቆማቸው የለም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባለልደቷ ስትወደስ፣ ስትታማ፣ ስትመረቅ፣ ደግማ ስትታማ ታመሻለች። ልጆች ካሉ ደግሞ ግጥሙ ቤት ባይመታም ድፍረቱ ይበልጣል፤ አዝማሪውም ከልጅ የተቀበለውን ስንኝ በምንም ብልሃት ያስተካክለዋል።

ማሲንቆ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ክራር ጠልቼ አይደለም። ሻማ ሲጠፋ ሁላችን የምንዘምራት «ሀፒ በርዝዴይ» ፓቲ እና ሚልድረድ ሂል የተባሉ የኬንታኪ እህትማማቾች ለመዋዕለ ሕፃናት የጠዋት ሰላምታ ብለው በ1893 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዜማ ናት። አጭር ብትሆንም ሰባቱንም ድምፆች ትፈልጋለች፤ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ። በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ያለው አምስቱ ብቻ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉትም። የሚገርመው፣ በሦስተኛው ስንኝ የባለልደቱ ስም ሲጠራ ስሙ የሚጀምረው ልክ በዚያችው በሌለችው ሲ ላይ ነው! ክራሩ በመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ አንዴ ተሰናክሎ፣ ስሙ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይጠፋል። ማሲንቆ ግን ክሩ አንድ ቢሆንም ጣት ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ነውና ሲዋንም ከየትም ፈልጎ ያመጣታል።

ልደቱ ክረምት ላይ ከዋለ አንድ ነገር አትርሱ፤ ማሲንቆ ቆዳ የለበሰ ነው፣ እርጥበት ያረግበዋል። የቡናውን ከሰል ቀደም አድርጋችሁ አቀጣጥሉና አዝማሪው ወደ ምድጃው ጠጋ ብሎ ይቀመጥ።

ከዜማው ሌላ እንግዳው በእጁ የሚሠራው ነገርም ቢኖር ደስ ይላል፤ አሁን ወደ እሱ ልምጣ። ሰፌድ እየሰፋን እንጫወት የምትል ደጋሽ ገጥማኛለች። ሐሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን ወስፌ ይዞ የማያውቅ እንግዳ አለላውን ከማሰማመሩ በፊት ጣቱን ይወጋል፤ ሰፌድ ደግሞ በአንድ ከሰዓት አያልቅም። እኔ የምመርጠው ሁላችን ልጅ ሆነን የምናውቀውን ነው። ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ «አበባዮሽ» እያሉ ሲዘፍኑ፣ ወንዶቹ አበባና መልአክ በቀለም ሥለው በየቤቱ ይዞሩ አልነበር? ዘፈኑም ሥዕሉም በእጃችን ነበር። አሁን ሥዕሉን የማተሚያ ማሽን እየሠራው ነው፤ ልደት ላይ ግን ማን ይከለክለናል?

መግቢያው አጠገብ ወረቀትና ቀለም የተደረደረበት ጠረጴዛ አኑሩ። የገባ ሁሉ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ባለልደቱን ይሣል። ሥዕሉ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቀላል። ከዚያ ባለልደቱ እንደ እንቁጣጣሽ አባወራ እየዞረ ለእያንዳንዱ ሠዓሊ ሳንቲም ይሰጣል። ስጦታ የሚቀበለው ሰው ከፋይ ሲሆን ሳቁ ልዩ ነው፤ በተለይ አፍንጫውን አግዝፎ የሣለ ሰው ክፍያ ሲጠይቅ። ተከራክሮ የማይከፍል ባለልደት ቢኖር አዝማሪው እዚያው አለ፣ ንፉግነቱን ወዲያው በዜማ ያደርሰዋል።

ጳጉሜን 6 የተወለዳችሁ ወገኖች ደግሞ ለብቻችሁ አንድ ቃል አለኝ። የእናንተ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ያለፈው በ2015 ነበር፣ ቀጣዩ በ2019 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ስለሆነ ሥዕል የሚሥል ልጅ አታጡም። አዝማሪ ግን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ከየት ይገኛል? ከአሁኑ አነጋግሩት፤ ቀብድም ስጡት።