ባሕር በከረጢት

በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ጠፍቶ ሰው መከራውን ሲያይ፣ የአንዲት ጎረቤቴ ጅምር ቤት ግድግዳው እንደተገተረ ክረምት ገባበት። በየጠዋቱ «ጋሼ፣ ዛሬስ ተገኘ ይሆን?» ትለኛለች፤ እኔ ለሲሚንቶ ምን ቅርበት እንዳለኝ እንጃ!

የከተማ ሰው ሲሚንቶውን እንጂ ድንጋዩን አያውቀውም። ድንጋዩ በሃ ይባላል፤ የኖራ ድንጋይ የሚለውም አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ግን አይቶታል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ነጣ ያለው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረው ገደል ይመጣል። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያ ቦታ ባሕር ነበር። እንስሶቹ ከውሃው ካልሲየም እየወሰዱ ቅርፊታቸውን ይሠራሉ፤ ሲሞቱ ቅርፊቱ ወደ ታች ይወርዳል። እልፍ ትውልድ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋደመ፤ ክብደቱ ተጫነው፣ በውሃው የሟሟው ማዕድንም እንደ ሙጫ አጣበቀው። መቀሌ ዙሪያ ያለውም የዚያው ዘመን ባሕር ትራፊ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ዛጎሉ በዓይን የሚለይ አለ። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታዩ ፍጡራን ቅርፊት ሲሆን ደግሞ ጠመኔ ይባላል (ስንት ዓመት በልብሴ ተሸክሜው የገባሁት የሰሌዳ ጠመኔ ግን ዛሬ አብዛኛው ከጂፕሰም ነው የሚሠራው)። ፍል ውኃ ከምድር ወጥቶ ጋዙ ሲለቀው የሚጥለው ትራቨርቲን አለ። በምድር ሆድ ሙቀትና ጫና ያበሰለው በሃ ደግሞ እብነ በረድ ይሆናል። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ ቦርቡሮት የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሠርቷል።

ሲቃጠልስ? 100 ኪሎ ንጹሕ በሃ እሳት ሲገባ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። የማገዶው ጭስ ገና አልተቆጠረም። እነዚያ ፍጡራን በሚሊዮን ዓመታት የቆለፉትን እኛ ባንድ ጀንበር እንፈታዋለን።

ታዲያ ጎረቤቴን «አትሥሪ» ልበላት? ልጆቿ ጣራ ይፈልጋሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ እሷ ጥቂት ኩንታል አጥታ ስትንከራተት፣ አጥሩን ሦስት ሜትር የሚገትረው፣ ግቢውን አንዲት ሣር እንኳ እንዳትበቅልበት በሲሚንቶ የሚለስነው ሰው። ዝናቡም መስረጊያ አጥቶ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ ወደሷ ጅምር ቤት ይወርዳል።