ፍሬን ሲደነድን
(ከኩዌት የተላከ)



ከኩዌት የሚደርሳችሁ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ደመወዝና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ መኪና ፍሬን ነው። ጉዳዩ ግን ከወገናችን ኑሮ የራቀ አይደለም። እዚህ አገር በሰው ቤት በሹፌርነት የሚያገለግል ኢትዮጵያዊ የሚነዳው መኪና የራሱ አይደለም፤ ሞተሩን ያስለወጠውም እሱ አይደለም፤ ፍሬኑ እምቢ ባለ ጊዜ ግን መሪውን ይዞ የሚገኘው እሱ ነው።

መኪናው ኒሳን ፓትሮል ነው፤ ባለ 4.8 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያለው። የባሕረ ሰላጤው ወጣት በአሸዋ ኮረብታ ላይ ለመፎካከር ይህን ሞተር እጅግ ይወደዋል፤ ሳይነካካ የሚተወውም ጥቂቱ ነው። የቤቱ የበኩር ልጅ በሹወይኽ የኢንዱስትሪ ሠፈር ከሚገኙት ብዙ ጋራዦች በአንዱ ካምሻፍቱን አስለውጦ ዓርብ ዓርብ ወደ በረሃ ይወጣበታል። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ደግሞ ሹፌሩ በዚያው መኪና ትንንሾቹን ልጆች ከጃብሪያ ሳልሚያ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው ያመላልሳል። ሹፌሩ የወሎ ሰው ነው፤ አገር ቤት ሳለ በደሴና በአዲስ አበባ መካከል አይሱዙ የጭነት መኪና ነድቷል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ።

«አንተ ምህንድስና ትማራለህ አይደል?» አለኝ አንድ ቀን። «ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖብኛል። መብራት ላይ ስደርስ በሁለት እግሬ ቆሜበት ነው የሚይዝልኝ።»

ጋራዡ ሸራውን ሁለት ጊዜ ቀይሮለታል፤ የፍሬን ዘይቱንም አፍስሶ አዲስ ሞልቷል፤ መንገድ ላይ ሞክሮም «ደህና ነው» ብሎ መልሶታል። ነገሩ ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነበር፤ የጋሼም ቃል እውነት ነው፣ የጋራዡም ሙከራ ውሸት አልነበረም።

በመጀመሪያ የፔዳሉን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። ፔዳሉ የሚሰምጥና የሚለሰልስ ከሆነ ችግሩ የዘይቱ መሥመር ውስጥ ነው፤ አየር ገብቷል፣ ወይም ዘይቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲግል ይፈላል። (ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 155 ነው። በነሐሴ የባሕሩ እርጥበት ከተማውን ሲሸፍነው ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።) የጋሼ ፔዳል ግን አይሰምጥም፤ ይደነድናል። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰርቮው፣ ወይም ሰርቮውን ከሚመግበው ከሞተሩ ነው።

ሰርቮ ማለት ኮፈኑ ሲከፈት ከሹፌሩ ፊት ለፊት የሚታየው ክብ ቆርቆሮ ነው። ይህን በቫኪዩም የሚሠራ ረዳት እ.ኤ.አ. በ1927 የፈጠረው ቤልጅጋዊው አልበርት ደዋንድር ነው። ውስጡ በአንድ የጎማ ሽፋን ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ ከሁለቱም ወገን አየሩን ይመጥጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በአንደኛው ወገን የውጭ አየር ይገባና ሽፋኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። እንግዲህ የሚገፋው የከባቢው አየር ክብደት ነው፤ ሞተሩ ቦታ ይለቅለታል እንጂ። 23 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሽፋን 415 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ሞተሩ የ50 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ ቫኪዩም ከሰጠው ግፊቱ ወደ 280 ኪሎ ይጠጋል፤ 25 ከሰጠው 140 ብቻ። የጎደለውን የሰው እግር ይሞላዋል።

ደህና የቤንዚን ሞተር በባሕር ወለል ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ከ45 እስከ 55 ሴንቲሜትር ይሰጣል። ለውድድር የተሠራ ካምሻፍት ግን የማስገቢያውንና የማስወጫውን ቫልቮች ለረጅም ጊዜ አብረው ክፍት ያደርጋቸዋል። በከፍተኛ ዙር ይህ ጉልበት ይጨምራል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን የተቃጠለው ጭስ ወደ ማስገቢያው እየተመለሰ መምጠጡን ያዳክመዋል። ወጣቶቹ ቆመው የሚያዳምጡት ያ የሚንገዳገድ የሞተር ድምፅ የዚሁ ምልክት ነው።

የጋራዡም ሙከራ ለምን ምንም እንዳላሳየ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በአምስተኛው ቀለበት መንገድ ላይ እየገሰገሱ እግርን ከነዳጅ ላይ ሲያነሡ፣ የአየር መግቢያው ተዘግቶ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ስለሚሽከረከር ቫኪዩሙ ይበዛል፤ ሰርቮውም ይሞላና ፍሬኑ እንደ አዲስ ይይዛል። ጠዋት በትምህርት ቤት ሰዓት ግን፣ መኪናው ሁሉ ተደራርቦ ሲንፏቀቅ፣ ሹፌሩ በየሦስት ሜትሩ ይረግጣል። ያለው ጥቂት ቫኪዩም በሁለት በሦስት ርግጫ ያልቃል፤ ሞተሩም መልሶ የሚሞላበት አቅም የለውም። መሞከር የነበረበት በዚያ ሰዓትና በዚያ መንገድ ነበር።

አንድ ምሽት ከጋሼ ጋር ኮፈኑን ከፈትን። የመጀመሪያው ፈተና ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ ረግጦ ይዞ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ሰርቮው የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። የእኛ አልተንቀሳቀሰም ለማለት ይቻላል። ሲረገጥ የማያቋርጥ ፉጨት ስላልነበረ ሽፋኑ አልተቀደደም አልን። የአንድ አቅጣጫውን ቫልቭ ነቅለን በአፋችን ነፋንበት፤ በአንድ ወገን ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል፤ እሱም ደህና ነው። ከዚያ የቫኪዩም መለኪያ ሞተሩ ላይ ሰካን፤ እየተንቀጠቀጠ 27 አካባቢ ቆመ። ከሰርቮው አጠገብ ብንሰካው ግን፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ፣ ከ18 አላልፍ አለ።

ዘጠኙ የጠፋው ቱቦው ውስጥ ነበር። ካምሻፍቱ ሲለወጥ ይሁን በሌላ ጊዜ፣ አንድ ሰው ወፍራሙን ቱቦ አውጥቶ ተራ የውሃ ቱቦ ገጥሞበታል። የውሃ ቱቦ ከውስጥ የሚመጣ ግፊትን ይችላል፤ ውስጡ ሲመጠጥ ግን፣ በተለይ ሲግል፣ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ሚትሪባ በተባለው የኩዌት ጣቢያ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ባለ አገር ኮፈን ሥር ያለ ጎማ ምን ያህል እንደሚልም መገመት አያዳግትም። ቱቦው በጥቂት ዲናር ተለወጠ፤ ሰርቮው 27ን አገኘ። የቀረው የካምሻፍቱ ዕዳ ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ መጠባበቂያ ጋን መግጠም ይመክራል። እኔ አልወደውም። ጋኑ የርግጫውን ቁጥር ይጨምራል እንጂ በዝግታ ጉዞ ሞተሩ ከሚሰጠው በላይ አያመጣም። የሚያስተማምነው የመጀመሪያውን ካምሻፍት መመለስ፣ ያ ካልሆነ ቫኪዩሙ ሲጎድል በራሱ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግጠም ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ለሹፌሩ የሚበራ መብራት ጭምር።

የቤቱ ልጅ ካምሻፍቱን አልመልስም አለ፤ ፓምፑንም «በሚቀጥለው ወር» አለው። የጋሼ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪው የተያዘ መሆኑን አስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኩዌት የትራፊክ ሕግ በ2025 ተሻሽሎ ቅጣቱ መክበዱንም እንዲሁ። ጋሼ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለልጆቹ እናት፣ «ማማ፣ ልጆቹን በዚህ አልጭንም። በሌላው መኪና ልውሰዳቸው፤ ካልሆነ አገሬ ስደዱኝ» አላት። ወጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ፔዳሉን በራሷ እግር ሦስት ጊዜ ረገጠችው። ምንም አልተናገረችም። ፓምፑ በዚያው ሳምንት ተገጠመ፤ መለኪያውም አሁን 50 ላይ ይቆማል።

አገር ቤት ለሚነዱም የሚጠቅም ነገር አለ። ኩዌት ከተማ ከባሕሩ ጋር እኩል ስለሆነች የአየሩ ክብደት 76 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች 57 አካባቢ ነው። ሰርቮ የሚገፋው በዚሁ ክብደት በመሆኑ፣ እዚህ 50 የሚሰጥ ሞተር እዚያ በግምት ወደ 31 ይወርዳል፤ ያ ፓትሮል ያለ ፓምፕ ቢሄድ 8 ብቻ ይቀረው ነበር። ይህን ስነግረው ጋሼ «ጣርማበርን በ8 ልወርዳት!» ብሎ ሳቀ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ አግዳለች፤ ቀደም ብለው የገቡት ግን በየመንገዱ አሉ። በኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን አየር የሚመጥጥ ሞተር ስለሌለ፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ያው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወይም በኤሌክትሪክ የሚገፋ ሰርቮ ነው።

መለኪያው እኔ ዘንድ ነው። ኩዌት ያላችሁና ፔዳል የደነደነባችሁ ወገኖች በማኅበሩ በኩል ብትጠይቁኝ አውሳችኋለሁ። ቱቦ ስትገዙ ግን ለቫኪዩም የተሠራውን ጠይቁ።